በሁለት ጎማ መካከል ያለ ቀንበር

ከሐረር ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ሰው ደንገጎ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል። እስከዚያ ድረስ የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር፣ የሐረማያን ለጥ ያለ ሜዳ እያየ ሲጨዋወት መጥቷል። ከደንገጎ ወዲያ ግን መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ እየታጠፈ ይወርዳል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የተጠራቀመው መጨረሻው ላይ ነው። ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ባዞረ ቁጥር ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ልጅ ያቀፈች እናት ትከሻዋን ከመስኮቱ ታስጠጋለች፤ ከኋላ የተቀመጠው ጎረምሳ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ይይዛል። መኪናውም ራሱ እንደ ተሳፋሪው ያጋድላል።

ይህን መጋደል የሚቆጣጠር አንድ ብረት ከመኪናው ሆድ ሥር ተኝቷል። መካኒኮቻችን ስታቢላይዘር ይሉታል። ክሪክ ተደርጎለት ከፍ ያለ መኪና ሥር ገብቶ ላየ ሰው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ድቡልቡል የብረት ዘንግ ነው። ወገቡ በሁለት ጎሚኒ (የጎማ ማቀፊያ) ታቅፎ ሻንሲው ላይ ተይዟል፤ አንዱ ጫፉ ከግራ ጎማ፣ ሌላው ከቀኝ ጎማ ጋር በአጭር ማያያዣ ተገናኝቷል። ሞተር የለውም፣ ዘይት አይጠጣም። ሥራው መጠምዘዝ ብቻ ነው።

ሁለት ሴቶች የታጠበ ጋቢ ሲጨምቁ አስቡ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ቢያዞሩት ጋቢው አይጠመዘዝም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዷ ወደ ላይ ሌላዋ ወደ ታች ሲያዞሩት ግን ይጠነክራል፣ ይታገላቸዋል። ስታቢላይዘርም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ አብረው ሲወጡ ብረቱ በጎሚኒው ውስጥ ይዞራል እንጂ ምንም አይሠራም። አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ግን ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞም ሁለቱን ወደ እኩልነት ሊመልሳቸው ይታገላል። ያረሰ ሰው ከዚህም ባጠረ ምሳሌ ይረዳዋል፤ ቀንበር ነው። ቀንበር በሬዎቹን ያጣምራቸዋል እንጂ ጉልበት አይጨምርላቸውም። ይህን ያልተረዳ ሰው ወፍራም ብረት ገዝቶ የተሻለ መኪና ያገኘ ይመስለዋል፤ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ይህን ስህተት ስለማረም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስቲቨን ኮልማን የተባለ የካናዳ ፈጣሪ በ1919 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም የብረቱ ቅርጽ እምብዛም አልተለወጠም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ከባድ አይደለም። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል ያለው ስፋት 130 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መታጠፊያው ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱን ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጭኞቹ የሚሻገረው ሸክም 211 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር የሚወሰነው በክብደት፣ በከፍታ፣ በስፋትና በሚገፋው ኃይል ነው። የስታቢላይዘሩ ውፍረት ስሌቱ ውስጥ የለም። ብረቱን ነቅላችሁ ብትጥሉት፣ በእጥፍ ብታወፍሩትም የሚሻገረው ሸክም ያው ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ 150 ኪሎ ጫኑበት። (ፖርቶ መጋላ ከጣልያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው፤ ሐረሪዎች ገበያን መጋላ ከሚሉበት፣ ከፈረስ መጋላና ከግድር መጋላ ጋር ዝምድና የለውም። ቃሎቹ እንዲህ መገጣጠማቸው ግን ሐረር ላይ ደስ ይላል፤ ጣሪያ ላይ የሚጫነው ብዙ ጊዜ የገበያ ዕቃ ነውና።) ጭነቱ ከመሬት 160 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። በዚያው መታጠፊያ፣ በዚያው ፍጥነት የሚሻገረው ሸክም ከ211 ወደ 304 ኪሎ ይዘላል። የመኪናው ክብደት የጨመረው በ15 ከመቶ ነው፤ የተሻገረው ሸክም ግን በ44 ከመቶ አደገ። ይህን ማንም ስታቢላይዘር አይመልሰውም።

ታዲያ ብረቱ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር። መጋደሉን ይቀንሳል፤ የሚሻገረውንም ሸክም ፊትና ኋላ እንዴት እንደሚካፈሉት ይወስናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሾፌር የማያውቀውም እሱን ነው።

ጎማ እንደ ሸካሚ ነው። ሸክም ሲጨመርበት መሬቱን የሚጨብጥበት ጉልበት ይጨምራል፤ ሸክሙ በእጥፍ ሲያድግ ግን ጉልበቱ በእጥፍ አያድግም። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች ሸክሙን እኩል ሲካፈሉ አብረው የሚይዙት መሬት አንዱ ከብዶት ሌላው ቀሎት ከሚይዙት ይበልጣል። የፊቱን ስታቢላይዘር ካወፈሩት የሸክሙ ሽግግር ወደ ፊት ያደላል፤ የፊት ጎማዎች በድምሩ ይዳከማሉ፤ መሪው ዞሮ መኪናው አልታጠፍም ይላል፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል። የኋላውን ካወፈሩት ደግሞ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይለቃሉ፤ መኪናው ቶሎ ይታጠፋል፣ ሲበዛም ኋላው ይከዳል። ብረቱ ከአንዱ ጫፍ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል፤ ከየትም አምጥቶ የሚጨምረው ነገር የለውም።

ከዚህ ተነስተን የራሳችንን መኪኖች እንያቸው። እንደ ቪትዝ ያለ ኃይሉ የፊት ጎማ ላይ የሆነ መኪና ሞተሩም ካምቢዮውም ፊቱ ላይ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አፍንጫው ወደ ውጭ መሸሽ ይወዳል። ፋብሪካው ይህን ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ የደነገጠ ሾፌር ቤንዚኑን ሲለቅ መኪናው ራሱ ይመለሳልና። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከፋብሪካው ውጭ የሚሸጠው ስታቢላይዘር አብዛኛው የኋላ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የቪትዝ ኋላ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ የሚጠመዘዝ ድልድይ አለው፤ ድልድዩ ራሱ ግማሽ ስታቢላይዘር ነው፤ ተጨማሪው ብረት እሱን ያጠነክረዋል።

ፔጆ 404 ሌላ ፍጥረት ናት። ሐረርን ያየ ሰው ፔጆዋን ሳያይ አይመለስም፤ ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆና ኖራለች። ቅርጿን ፒኒንፋሪና ነደፈው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተመረተች። ኃይሏ የኋላ ጎማ ላይ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የኋላውን ስታቢላይዘር አብዝቶ ማወፈር የሚያመጣው ጣጣ ይታወቃል፤ መታጠፊያ ላይ ውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልና ባዶ ይሽከረከራል፣ ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ለቀለለው ጎማ ያባክነዋል። ፔጆዋን ታዋቂ ያደረጋት ልስላሴዋ ነው፤ ሞላዋ ረጅም ርቀት ይወርዳል ይወጣል፣ ጎማዋ ከመሬት አይላቀቅም። ጎረቤታችን ኬንያ በሚታወቅበት የሳፋሪ ራሊ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች። ያሸነፈችውም ጭቃና ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ ነው። ዛሬም በጠጠር መንገድ የሚወዳደሩ መኪኖች አስፋልት ላይ ከሚወዳደሩት የላላ ስታቢላይዘር ይገጠምላቸዋል። አንዲት አሮጌ ፔጆ ይዞ «ትጠንክርልኝ» የሚል ሰው፣ ለዚህች ከተማ መንገድ እንድትስማማ ያደረጋትን ነገር ሊነጥቃት መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለ ውፍረቱ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የድፍን ዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። 20 ሚሊ ሜትሩን በ22 ብትቀይሩት ለዓይን የማይታይ ልዩነት ነው፤ ጥንካሬው ግን 46 ከመቶ ጨመረ። 24 ብታደርጉት ከእጥፍ አለፈ። «ሁለት ሚሊ ምን ያመጣል» ብሎ በዓይን መግዛት አይቻልም፤ በካሊፐር መለካት ያስፈልጋል። የክንዱም (የታጠፈው ጫፉ) ርዝመት እንዲሁ ነው፤ ክንዱ ሲያጥር ብረቱ ይጠነክራል። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያለው ስታቢላይዘር የሚሠራው በዚህ ነው፤ ማያያዣውን ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ ካሰሩት ይላላል፣ ወደ ወገቡ በቀረበው ካሰሩት ይጠነክራል።

ውስጡ ክፍት የሆነም አለ። የውስጡ ክፍተት የውጩን ውፍረት ግማሽ ከሆነ ክብደቱ በሩብ ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ግን የሚቀንሰው 6 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በመጠምዘዝ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው የዘንጉ ውጫዊ ክፍል ስለሆነ። ለውድድር መኪና ይህ ትርጉም አለው። ፈረስ መጋላ ቆሞ ተሳፋሪ ለሚጠብቅ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላው ወሬ «ልዩ ብረት ነው» የሚለው ነው። ብረት ሁሉ የመጠምዘዝ ጥንካሬው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ሳይበላሽ እስከ ምን ድረስ መጠምዘዝ እንደሚችል ነው። ለዚህ ነው ከግንባታ ፌሮ ታጥፎ የተሠራ ስታቢላይዘር አደጋ የሚሆነው። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ይመስላል፤ ደንገጎን ጥቂት ቀን ሲመላለስበት ግን ተጠምዝዞ ይቀራል፣ መኪናውም ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ይቆማል። ዋናውን ስታቢላይዘር በእሳት አሙቆ ማጠፍ ወይም ቆርጦ መበየድም ያው ነው፤ እሳቱ የሞላነት ባሕርዩን ይገድለዋል። የተሰበረ ስታቢላይዘር አይበየድም። ይህን የምለው አጥብቄ ነው።

ቀንበሩ ዋጋ ያስከፍላል። ወደ ጀጎል፣ በግንብ ወደታጠረው የሐረር ከተማ፣ እንግባ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩለትን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ይህን ከተማ መኪና የሚያስብ ሰው አልነደፈውም። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ለሰው፣ ለአህያና ለግመል የተከፈቱ ናቸው። መኪና ግርግር የተባለው ጎዳና እንኳ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። የድንጋይ ንጣፉ አንዱን ጎማ ሲያነሳ ሌላውን ያወርዳል፤ በየእርምጃው። ሁለቱ ጎማዎች ራሳቸውን ችለው መውጣትና መውረድ ሲገባቸው ወፍራም ስታቢላይዘር የግራውን ጉብታ ለቀኙም ያካፍለዋል፤ መኪናው ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ የተሳፋሪ አንገት ይናወጣል። መንገዱ ሲብስ ደግሞ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ለገጠር መንገድ መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ መላ ፈጥረዋል፤ በኒሳን ፓትሮል ላይ የኋላውን ስታቢላይዘር በማብሪያ ማጥፊያ የሚለቅ ዘዴ ነበረ፤ ላንድክሩዘር 200 ላይ ደግሞ ቶዮታ በዘይት ግፊት ራሱ የሚላላና የሚጠነክር ስታቢላይዘር ገጥሟል።

ባጃጅ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ፊቱ አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ የሚጣመር ጓደኛ የለውም። ባጃጅ የሚገለበጠው በግራና በቀኝ የኋላ ጎማው ስፋት ተለክቶ አይደለም፤ ከፊት ጎማው ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ በምትሰመር ሰያፍ መስመር ላይ ነው። እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት፣ መስመሮቹ ወደሚጠቡበት ይሄዳል፤ ሚዛኑም ያኔ ይጠፋል። ለባጃጅ መድኃኒቱ ሳይታጠፉ በፊት ፍሬን መያዝ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ። ወጣት ሾፌር ጋራዥ ገብቶ «አቦ ጋሼ፣ ስታቢላይዘሩን አወፍርልኝ፣ ደንገጎ ላይ አላስቻለኝም» ሲል አዋቂ መካኒክ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ጎሚኒህን አሳየኝ» ብሎ ይመልስለታል። ልክ ነው። ያለቀ ጎሚኒ ውስጥ ያለ ስታቢላይዘር መጠምዘዝ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ቦታ ይጓዛል፤ መኪናው መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ በድንገት ይያዛል። መመርመሩ ቀላል ነው። ሁለቱንም ጎማ የሚያነሳ ጉብታ ላይ ዝም የሚል፣ አንዱን ጎማ ብቻ የሚያነሳ ጉድጓድ ላይ ግን «ቋ ቋ» የሚል መኪና ጎሚኒው ወይም ማያያዣው አልቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ጎሚኒና ማያያዣ ከሙሉው ብረት እጅግ ይረክሳሉ፤ ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ፈልጎ የሚመጣበትን ሕመም እነሱ ብቻቸውን ይፈውሱታል። ከተራው ጎማ ይልቅ ጠንካራ የሆነው ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ያለውን ብረት ሳይቀይሩ ምላሹን ያፈጥነዋል፤ በተገቢው ግሪስ ካልታሸ ግን ይንጫጫል። ተራውን የጎማ ጎሚኒ ደግሞ በማንኛውም ግሪስ አትቀቡት፤ ከነዳጅ የተሠራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል።

ጎሚኒው ደህና ሆኖ፣ አሞርዛተሩ ጤነኛ፣ ጎማው ያላለቀ ሆኖ መጋደሉ አሁንም ካስቸገረ ብረት መፈለግ ይቻላል። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ወርዶ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ምርጫው የዚያው መኪና ወንድም ይሁን፤ አንድ ሞዴል ብዙ ጊዜ በተለያየ ደረጃ ይመረታል፣ የፈጣኑ ደረጃ ስታቢላይዘር ጥቂት ሚሊ ይወፍራል፣ መገጣጠሚያውም ይመጥናል። የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውፍረቱን፣ የክንዱን ርዝመት፣ የቀዳዳውን ስፋት አስተያዩ። ከዝገት የተነሳ የተበሳሳውን አትግዙ፤ የሚጠመዘዝ ብረት የሚሰበረው ከትንሽ ቁስል ተነስቶ ነው። አብዝቶ መወፈሩ ደግሞ ብረቱን ሳይሆን ያረፈበትን ያረጀ ቆርቆሮ ይገነጥላል።

የውድድር ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ሜዳ የለም፤ ውጭ የሚኖሩ ልጆቻችን ግን ጀርመን ውስጥ በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን፣ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ኑርቡርግሪንግ፣ ወይም የዱባዩን አውቶድሮም ከፍለው ሊነዱበት ይችላሉ። እዚያ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ ጎማውም ይለያል። መጋደል ሲቀንስ የጎማው ገጽ መሬቱ ላይ በሙሉ ያርፋልና ወፍራም ስታቢላይዘር እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል። ለዚያ የሚሻለው ቀዳዳው የሚቀየር ነው፤ ከላላው ይጀመራል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይቀየራል፣ ይነዳል፣ ይመዘናል። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ዝናብ ከመጣ ይላላል። ወደ ቤት ሲመለስም እንዲሁ፤ ሜዳ ላይ ጀግና ያደረገው ቀዳዳ ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ ይከዳዋል።

ለሐረርና ለድሬዳዋ መንገድ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ፊትም ኋላም ከፋብሪካው መጠን ከአንድ ወይም ሁለት ሚሊ በላይ አትውጡ። የኋላውን ብቻ አጠንክሮ ደንገጎን መውረድ ክፉ ምርጫ ነው፤ ቁልቁለትና ፍሬን ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያመጡት ኋላው አስቀድሞም ቀሎ ነው የሚወርደው። መጋደሉም ፈጽሞ እንዲጠፋ አትመኙ። የመኪናው መጋደል ለሾፌሩ «በቃ፣ ቀንስ» የሚል ቃል ነው፤ ብረቱን ያወፈረ ሰው አደጋውን ሳያርቅ ይህን ቃል ዝም ያሰኘዋል።

አንድ ስሌት ብቻ ይቀረኛል። ደንገጎ ላይ 15 ሜትር ራዲየስ ያለው መታጠፊያ እንዳለ እናስብ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢዞሩት ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የመኪናውን ክብደት ግማሽ ገደማ ነው። በ40 ቢዞሩት ከአምስት እጅ አራት እጅ ያልፋል፤ አሮጌ ጎማ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ጭነት፣ ውስጥ ሕፃን ይዛችሁ የምትወርዱ ሾፌሮች፣ እባካችሁ ያቺን የ10 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት መታጠፊያው ሳይደርስ በማርሽ አውርዷት።